ወለላ ዝም ያለችባቸው ዓመታት

አባቴ ብቻውን ሲጣላ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የአባቴንና የእናቴን መኝታ ቤት ከእኔ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነበር፤ አልጋዬ ደግሞ ግድግዳው ሥር ነው። ከእራት በኋላ ገብተው በራቸውን ሲዘጉ የአባቴ ድምፅ ይጀምራል። «አልፈልግም አልኩሽ እኮ» ይላል። ከዚያ ዝም። «እሺ፣ ብትሞቺብኝስ?» አሁንም ዝም። «የእኔን ተይው። ልጅቷስ?» ይልና እንደገና ጸጥ ይላል። ቆይቶ ደግሞ አንድ የማልሰማው ሰው አንጀቱን ያሳረረው ይመስል «ኧረ ተይኝ ባክሽ» ብሎ አልጋው ላይ ዘጭ ሲል የሽቦው ሲጢጥታ ይሰማኛል።

እናቴ የምትመልስለት ግድግዳውን አያልፍም ነበር። የእናቴ ድምፅ እንኳን ግድግዳ ሊያልፍ፣ የምግብ ጠረጴዛችንን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥም ያቅተዋል። ስለዚህ ከጠባቸው የሚደርሰኝ ግማሹ ብቻ ነው፤ እሱም የአባቴ ግማሽ። ግማሽ ጠብ የሰማ ልጅ ደግሞ ማን በዳይ እንደሆነ ለመፍረድ ጊዜ አይፈጅበትም።

እናቴ ጭራሽ አትናገርም ማለቴ አይደለም። ትናገራለች፣ ግን ከቃሉ ትንፋሹ ይበዛል፤ ሁልጊዜ ምስጢር የምትነግረኝ ይመስል ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የምሰማት። ከማድ ቤት ሆና ስትፈልገኝ ታጨበጭባለች። አንድ ጭብጨባ እኔ ነኝ፣ ሁለት ጭብጨባ አባቴ ነው። እናቶች ሁሉ የሚያጨበጭቡ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት ልጅ ቤት ስጫወት እናትየው በመስኮት አንገቷን አውጥታ የልጇን ስም ስትጣራ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ፣ ቤቱ እሳት የተነሳበት መስሎኝ ደንግጬ ወደ በር ሮጫለሁ።

ይቺው እናቴ ዘፋኝ ነበረች። ዘፋኝ ብቻ አይደለም፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትደርስ፣ ሰው በፍቅር «ወለላ» የሚል ስም ያወጣላት ዘፋኝ። ድምፅዋ እንደ ማር ወለላ የጠራ ነው ለማለት ነው። የድሮ ካሴቶቿን ፀጉር አስተካካዩም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ጫማ ሰፊውም ያጫውቱ ነበር። እኔም ዘፈኖቹን አንድ ሳይቀረኝ በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ነገር ግን በካሴቱ የምትዘፍነውን ሴትና ጎኔ ቆማ ሽንኩርት የምትከትፈውን ሴት አንድ ሰው ናቸው ብዬ ማሰብ ያስቸግረኝ ነበር። እኔ ከተወለድኩ ወዲህ አንድም ዘፈን አላወጣችም። ገበያ ስንሄድ ሰዎች እያስቆሙ «ወለላዬ፣ ምነው ጠፋሽብን? መቼ ነው የምታወጪልን?» ይሏታል። እሷ ፈገግ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበር ታደርግላቸዋለች እንጂ ቃል አትተነፍስም። ጥቂት ራመድ ስንል ከኋላችን «ባሏ ነው አሉ የከለከላት» ሲባባሉ እሰማለሁ።

ባሏ አባቴ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ትምህርት በሌለኝ ቀን ይዞኝ ይወጣና ከጀርባው ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። ሰዉ ያውቀዋል። አንዳንድ ሴቶች ሲሳፈሩ ቆም ብለው «አንተ ነህ አይደል ያቺን የመሰለች ልጅ አፏን የለጎምካት?» ይሉታል፣ በቀጥታ፣ ፊት ለፊቱ። እሱ መሪውን እንደጨበጠ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ሌላ መልስ አይሰጥም። እኔ ማጅራቱ ቀስ እያለ ሲቀላ እያየሁ፣ ጥፋተኛ ባይሆን ይመልስ ነበር እላለሁ።

ወሬውን መጀመሪያ ያስወራው አባቴ ራሱ እንደሆነ ያወቅኩት እሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። እናቴ ድምፅዋ መጎዳቱን ሰው እንዳያውቅባት ለምናው ነበር። ሰው ደግሞ ያለ ምክንያት ዝም ያለን ሰው አይተውም። «ድምፅዋ ሞተ ከሚሉ ባሏ ከለከላት ይበሉ፣ እኔ ጀርባዬ ሰፊ ነው» ብሎ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ እንደ ዋዛ ተናገረ፤ ወሬው በሳምንቱ ከተማውን አዳረሰ። እኔ ግን ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የማውቀው የቀላ ማጅራቱን ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ጠቡ ባሰ። አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰውዬ ኪቦርድ በብብቱ ይዞ ቤታችን መመላለስ ጀመረ። የድሮ ዘፈኖቿን ሁሉ ያቀናበረላት እሱ ነው። ሳሎን ይገቡና በሩ ይዘጋል። የእሱ ኪቦርድ ይሰማል፣ የእናቴ ጣት ጠረጴዛውን ሲመታ ይሰማል፣ ከዚያ ሰውየው «እንደገና እንየው» ይላል። እሱ በሄደ ቁጥር እኛ ቤት እራት ያለ ወሬ ይበላል። አንድ ቀን አባቴ ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳና ገባ፤ እናቴ ተከተለችው። ግድግዳው ማዶ «እኔ ያገባሁት ድምፅሽን አይደለም!» ሲል ሰማሁት።

ያቺን ንግግር ከማንኛውም ስድብ በላይ ጠላኋት። ይኸው፣ ድምፅዋን እንደማይወደው በአፉ አመነ አልኩ። ዛሬ እኔም ባለ ትዳር ነኝ፤ ከባል አፍ ከዚያ የበለጠ የፍቅር ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ የመለሰችለት አሁንም አልደረሰኝም። በመጨረሻ አባቴ ደከም ባለ ድምፅ «እሺ» አለ። «እንዳልሽ ይሁን። ግን ልጅቷ እዚህ አትሁን። እኅትሽ ጋ ትሂድ።»

በማግስቱ ልብሴ ሻንጣ ውስጥ ገባ። እናቴ እያጠፈች ታስገባለች፣ አንዳንዱን መልሳ አውጥታ ትሸተዋለች፣ እንደገና ታጥፋለች። ለምን እንደምሄድ ስጠይቃት አንገቷን ይዛ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ከቃሎቹ ውስጥ የያዝኩት «ሐኪም» እና «ቶሎ» የሚሉትን ብቻ ነው። አባቴ ሻንጣውን ተሸክሞ ቀድሞ ወጣ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እኅት ናት። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበራት፤ ከፊት መቀበያ ባንኮኒ፣ ከኋላ ማሽኖቹ፣ ከዚያ ወዲያ የምንተኛበት ክፍል። የታጠቡት ልብሶች ላስቲክ ለብሰው ከጣሪያው እስከ ወገቤ ድረስ ተንጠልጥለው ስለሚውሉ፣ ከክፍሉ ወደ ባንኮኒው ለመምጣት በሰው ሱፍና በሰው ቀሚስ መሃል እየሾለኩ ነው። ቤቱ ሁልጊዜ ይሞቃል፣ ሁልጊዜ የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለው። አክስቴ የእናቴንም ድርሻ ጨምራ የወሰደች ይመስል ድምፅዋ ከማሽኖቹ በላይ ነው። ከኋላ ካለችው ልብስ ተኳሽ ጋር ስታወራ መንገድ የሚሄድ ሰው ዞር ብሎ ያያል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ጠምቶኝ በልብሶቹ መሃል ስሾልክ ስለ እናቴ ሲያወሩ ደረስኩ። ቆምኩ። ፊቴ ላይ የአንድ ሰው ካፖርት ተጋርዷል። «ድምፅዋ የሄደው እሷን ስትወልድ ነው» አለች አክስቴ። ተኳሿ ከንፈሯን መጠጠች። «ልጅቷ ናት ድምፅዋን የወሰደችባት…» አለች አክስቴ፤ ያን ጊዜ ተኳሿ የእንፋሎት ማሽኑን ተጫነችውና ፍሽሽ የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። እኔ የቀረውን አልጠበቅኩም። ውሃዬን ሳልጠጣ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

የአክስቴ ንግግር አላለቀም ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እኔ በተራዬ ልጅ ወልጄ ልትጠይቀኝ የመጣች ዕለት። ለዓመታት የያዝኩትን ስነግራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ራሷን ያዘች። ያኔ ያለችው «ልጅቷ ናት ድምፅዋን የወሰደችባት የሚሉ አሉ፣ ምላሳቸው ይቆረጥ» ነው። የእኛ ቋንቋ ጠባዩ ነው፤ የሌላውን ሰው ቃል አስቀድሞ አስወርቶ፣ የማን እንደሆነ የሚነግረን መጨረሻ ላይ ነው። እንፋሎቱ የበላብኝ መጨረሻውን ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ ምጡ ከበደ፤ ሁለታችንም ልናልፍ ስንል በችኮላ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እንድትተነፍስ በጉሮሮዋ ያለፈው ቱቦ ድምፅ ከሚሰጡት ሁለት ጅማቶች አንደኛውን ጎድቶት ሳይንቀሳቀስ ቀረ። የማንም ጥፋት አልነበረም፤ አንዳንድ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። እናቴ ለዓመታት ልታከም ስትል ኖራ፣ በዚያ ዓመት አንዲት የጉሮሮ ሐኪም ያንን ጅማት ወደ መሃል መግፋት ይቻላል ስላለቻት ቆርጣ ተነስታለች። ሐኪሟ አደጋውንም አልደበቀችም። ግድግዳው ማዶ አባቴ «ብትሞቺብኝስ?» የሚለው ይህንን ነበር።

እኔ ግን በዚያች ክፍል መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ ጉሮሮዬን አየሁ። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ትምህርት ቤት አስተማሪዬ «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» ሳትለኝ የዋለችበት ቀን የለም። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ጮክ የምለው እኔ ነኝ። ታዲያ ይህን ያህል ድምፅ ከየት አመጣሁት? ከሰው የወሰድኩትን ዕቃ ሳላውቅ ተሸክሜ ስዞር የኖርኩ መሰለኝ። ከቤት ያስወጡኝም ለዚህ ነው። ሐኪሙ ለእናቴ ሌላ ድምፅ ሊሰጣት ነው፣ እኔ አጠገቧ ከሆንኩ እሱንም እወስድባታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሹክሹክታ ካልሆነ አልናገርም አልኩ። አክስቴ ጉንፋን የያዘኝ መስሏት ሎሚ በማር ስታጠጣኝ ሰነበተች።

አባቴ ከሥራ መልስ የሾፌር ልብሱን እንደለበሰ እየመጣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ከአክስቴ ጋር ያወራል። አንድ ቀን ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። «ደህና ወጣች» አለ። «ግን ለጊዜው አንዲት ቃል መናገር የለባትም። ከተናገረች የተሠራው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።» አክስቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። እኔ ከሱፎቹ መሃል ሆኜ «ገደል ገባ» የሚለውን ያዝኩ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሳላስበው እናቴ በሩ ላይ ቆመች። አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማለች፤ ከስታለች። አባቴ ከኋላዋ አውቶቡሱን ተራ አስይዞ ለጥቂት ደቂቃ ይዟት የመጣ ነው። ናፍቄያት አላስችል ብሏት በምልክት ለምናው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ ሁለት እጇን ዘርግታ በባንኮኒው ጎን መጣች። ቃል የለም፣ እጅ ብቻ ነው።

ልቤ ወደ እሷ ሮጠ፣ እግሬ ግን ወደ ኋላ ነው የሄደው። «አትምጪ» አልኳት በሹክሹክታ። አልሰማችኝም። አንድ እርምጃ ጨመረች። ካቀፈችኝ አለቀላት አልኩ። በልብሶቹ መሃል ሾልኬ፣ በባንኮኒው ሥር አልፌ፣ በአባቴ ክንድ ሥር ወጥቼ ወደ መንገዱ በረርኩ።

በሩ ፊት ለፊት የለስላሳ ጠርሙስ የጫነ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። ሳጥኖቹ ሲንኳኩ ይሰማኛል፣ ግን አላየሁትም፤ የማየው ማዶ ያለውን ግንብ ነው፤ እዚያ ከደረስኩ ትተርፋለች። ከእግረኛው መንገድ ወርጄ ሁለተኛውን እግሬን ሳነሳ ስሜ ተጠራ።

እንዲህ ተብሎ ስሜ ተጠርቶ አያውቅም። ድምፁ የሴት ይሁን የወንድ አላወቅኩም። ወፍራም ነው፣ ሻካራ ነው፣ ከመሬት ሥር የወጣ ይመስላል፣ ግን ስሜን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞት ነበር። ካለሁበት ደርቄ ቀረሁ። የመኪናው ጎማ የጫማዬን አፍንጫ ሊነካ ምንም ሳይቀረው ከፊቴ አለፈ። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጠርሙሶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ጮኹ።

ስዞር እናቴ በሩ ላይ ናት። እጇ ጉሮሮዋ ላይ ነው፤ ዓይኖቿ ፈጠዋል፤ የጠራኝ እሷ መሆኗ ራሷንም ያስደነገጣት ትመስል ነበር። አክስቴ ራሷን ይዛለች። አባቴ ሮጦ ደርሶ ብብቴ ሥር ይዞ ከመሬት አነሳኝ፤ ደረቱ ሲመታ በጀርባዬ ይሰማኛል። ግን የሚያየው እሷን ነበር።

«ተናገረች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪሟ ይዟት ሄደ። ተሳፋሪ የሚጠብቀውን አውቶቡስ ትቶ በታክሲ ነው የሄዱት፤ ለዚህም ደመወዙን ቀጥተውታል። እኔ የአክስቴ ክፍል ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ማሽኖቹ ይዞራሉ። አክስቴ ገብታ «ምን ሆነሽ ነው የሸሸሻት? እናትሽን እኮ ነው» አለችኝ። አልመለስኩም። ሹክሹክታውንም ተውኩት። አንዴ ስወለድ ወሰድኩባት፤ አሁን ደግሞ የተሰጣትን ምትክ በስሜ አስጨረስኳት። ከእንግዲህ ምን ብዬ ነው የምናገረው?

ሲመሽ አባቴ ደወለ። ሐኪሟ መብራት ባለው ቀጭን ቱቦ አይታት የተሠራው እንዳለ ነው ብላለች አለ። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን አላመንኩም። ትልልቅ ሰዎች ለልጅ ሲያወሩ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ደህና ነው። ደግሞም ወደ ቤት ስመለስ ማስረጃዬን በጆሮዬ ሰማሁት። የመናገር ፈቃድ ባገኘች ጊዜ የወጣው ድምፅ የካሴቷ ሴት አልነበረም። ያው መንገድ ላይ የጠራኝ ወፍራሙ፣ ሻካራው ነው። ጩኸቱ ሰበረው አልኩ፤ ሰብሬው ቀረሁ።

ሐኪሟ ገና ከመጀመሪያው «ድምፅ እሰጥሻለሁ፣ የድሮውን ግን አልመልስልሽም» ብላት ነበር። እናቴ ይህን አውቃ ነው የተኛችው። ዘፈኖቹንም የደረሰቻቸው ገና ላልሰማችው ድምፅ ነው፤ ኪቦርዱ ያለው ሰውዬ «እንደገና እንየው» እያለ የዜማውን ከፍታ ወደ ታች ወደ ታች ሲያወርድ የነበረው ለዚህ ነበር። ይህን ሁሉ ማንም ለስምንት ዓመት ልጅ ቁጭ አድርጎ አይነግርም። እኔም አልጠየቅኩም። ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ማውራት ስቀጥል አባቴ «አንዷ ስትድን ሌላዋ ጀመረቻት» ብሎ ቀለደ፣ ፊቱ ግን አልሳቀም።

ቀረጻው ወራት ፈጀ። ስቱዲዮ አልሄድም ብዬ አሻፈረኝ ስላልኩ በዚያ የሆነውን ያወቅኩት ከአክስቴ ነው። የካሴቱ አሳታሚ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ። ሰው የሚጠብቀው ወለላን ነው፤ ይህን ካወጣን ካሴቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል አለ። አንዲት ወጣት አለች፣ ድምፅዋ የድሮ ድምፅሽን ቁጭ ነው፤ እሷ ትዝፈነው፣ ስሙ ያንቺ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ኪቦርድ ተጫዋቹ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ያዘ። እናቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ጥግ ላይ ቆሞ የነበረው አባቴ፣ ያን ሁሉ ማታ ግድግዳ ሲያስጮህ የከረመው ሰውዬ፣ ቀደማት።

«እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት በየፌርማታው የተሰደብኩት የሌላ ሰው ድምፅ ለመስማት አይደለም» አለ።

አክስቴ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ ትስቃለች፤ እናቴ ግን ያን ቀን አልሳቀችም ትላለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች። ካሴቱ በራሷ ድምፅ እንዲወጣ ተወሰነ። አሳታሚውም ተስፋ ስላልጣለበት ያሳተመው በጥቂቱ ነው።

የወጣ ዕለት አባቴ ፈረቃ ስላልነበረው ሦስታችን አብረን ወጣን። እናቴ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባዋለች። ጠዋት ምንም አልበላችም። የሙዚቃ ቤቱ መስኮት ላይ ፊቷ ያለበት ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ በሩ ላይ ሰው የሚያክል ድምፅ ማጉያ ቆሟል። የእግረኛውን መንገድ የዘጋው ሰው እስከ አስፋልቱ ወርዷል። ከኋላ ቆምን። ባለ ሱቁ «ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው» ብሎ ቁልፉን ተጫነ።

ኪቦርዱ ገባ፣ ከበሮው ተከተለ፣ ከዚያ ድምፅዋ መጣ።  አባቴ ክንዷን ያዘ። እኔ የአባቴን ኮት ያዝኩ። የአንድ ስንኝ ያህል ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ፍጥነቱን አስተካክልልን እንጂ» አለ አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ። «ካሴቱ እየጎተተ ነው።»

እውነቱን ነው አሉ ሌሎቹ። ባለ ሱቁ አወጣውና ሌላ አዲስ ካሴት ከላስቲኩ ፈልቅቆ ከተተ። ያው ድምፅ ነው። እንግዲያው ማጫወቻህ ነው አሉት። ማጫወቻውን መታ መታ አደረገው። አንዲት ወጣት ሴት ደግሞ እሷ አይደለችም፣ በስሟ ሌላ ሰው ነው ያስዘፈኑት አለች። ከዳር ያሉት መበተን ጀመሩ። ሁለት ሰዎች በእኛ በኩል ሲያልፉ ትከሻቸው የእናቴን ትከሻ ነካ። እኔ ከአባቴ ጀርባ ገባሁ። ያበላሸሁት ነገር ይኸው በድምፅ ማጉያ ለመንገዱ ሁሉ እየተነገረ ነው።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች።

«ካሴቱ ደህና ነው» አለች። «የወፈረው የእኔ ድምፅ ነው።»

አልጮኸችም፤ እንደ ወትሮዋ ነው የተናገረችው። ነገር ግን ከማጉያው የሚወጣውና ከኋላቸው የመጣው ድምፅ አንድ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ባንዴ ዞረ።  እናቴ ከኋላቸው በማጉያው እየዘፈነች፣ ከፊታቸው ቆማ ታያቸዋለች።

ዘንቢል የያዙ አንዲት አሮጊት ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡና ፊቷን ቀና ብለው አዩት። «ወለላ፣ ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን የት ጠፍተሽብን ነው?» አሉ። ከዚያ አባቴን ከላይ እስከ ታች ገላመጡት። «የከለከለሽ ይኼ ነው?»

«እሱ አይደለም» አለች እናቴ። «ስሙ በከንቱ ነው የጠፋው። ልጅ ወልጄ ነው።»

ከአባቴ ጀርባ ተሸጉጬ ነበር። እጇን ልካ ክንዴን ይዛ ወደ ፊት አወጣችኝና «ይቺን» አለች።

ይኸው ነገረችብኝ አልኩ። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። አሮጊቷም ያዩኛል፤ ጫማዬን፣ ጉልበቴን፣ ፊቴን። መልሺላት ሊሉኝ ነው አልኩ። እሳቸው ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ እናቴን በሁለት እጃቸው አንገቷን ይዘው ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት፣ ከዚያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

ገና ትናንት ለወለደች አራስ የሚባል ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከጎን ያለችው ሴትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች። ካሴቱ ይጎትታል ያለው ሰውዬ ተሸማቆ ቀርቦ ያንኑ ቃል ደገመው። ሊሄዱ የነበሩት ተመለሱ። እናቴ «አሜን፣ አሜን» ትላለች፣ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ። ክንዴን ግን አለቀቀችውም። ጨብጣ የያዘችኝ ጥፋተኛ ልታስረክብ አልነበረም፤ ሰው የሚወደውን ዕቃ ለጎረቤት ሲያሳይ እንደሚይዘው ነበር። ይህን ለማወቅ ትልቅ ሰው መሆን አላስፈለገኝም፤ እዚያው ቆሜ ነው የገባኝ።

በጫጫታው መሃል ዘፈኑ ማንም ሳይሰማው አልቆ ነበር። ባለ ሱቁ ከውስጥ አንገቱን አውጥቶ ከመጀመሪያው ልመልሰው ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴ ለእሱ ሳትመልስ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ንገሪው እስቲ» አለችኝ።

«መልሰው» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

«እሱ አልሰማሽም። ጮክ በይ።»

አንገቷን አየሁ። ከሻሹ ሥር የጠባሳው ጫፍ ይታያል። ዓይኗ ውስጥ ከእኔ ለመሸሽ ያሰበ ምንም ነገር አልነበረም።

«መልሰው!» አልኩ። መንገዱ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ዞሩ። ባለ ሱቁ ካሴቱን ሊያጠነጥን ጎንበስ አለ፤ እናቴ ዘፈኑ እስኪጀምር እጄን ይዛ ቆመች።